በአሮጌው ሞኒተር ያልቀጠነው ሰው

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ጥግ ይዤ የምስቅ ሰው ነኝ። እዚህ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ሸሕዲ ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፣ ከክፍል ስወጣ ደግሞ የከተማውን የተበላሸ ፕሪንተርና የማይነሣ ላፕቶፕ እጠግናለሁ፣ በኤሌክትሪክ እንጂ በጋኔን የሚሠራ ዕቃ እስከዚያ ቀን ድረስ አላጋጠመኝም። እናቴ «ቀትር ክፉ ነው፣ በቀትር ብቻህን አትሁን» ስትለኝ፣ «እማዬ፣ ቆላ ውስጥ በቀትር ክፉው ፀሐዩ ነው» እያልኩ አስቃት ነበር። አሁን ግን አልስቅም።

ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የሰሊጥ ነጋዴ አሉ፣ ቸር ናቸው፣ አሮጌ ዕቃ መጣል ግን አይሆንላቸውም። ለመጋዘናቸው ከጎንደር አዳዲስ ካሜራ አስመጥተው አስተከሉ፣ ጥራቱ የጆንያውን ስፌት የሚያስቆጥር ነው፣ ሞኒተሩ ግን ያው ድሮ ከሱዳን ያመጡት፣ ከኋላው ሆድ ያለው ወፍራሙ ነው። ሲሰኩት ጥቁር ሆነ፣ አዲሱ ምስል ከአቅሙ በላይ መሆኑን የሚናገር አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ መሃሉ ላይ ይንከራተታል። መጋዘኑ አጠገብ ወዳለው ቢሯቸው ጠሩኝ።

«ሐጂ፣ ይህ ሞኒተር አርጅቷል፣ ጠፍጣፋውን ይግዙ» አልኳቸው።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ እኔም አርጅቻለሁ፣ እኔንም ልትጥለኝ ነው?»

በዚህ ተሸነፍኩ። «ከሰዓት መኪና ይጫናል፣ ይርጋ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አልታየኝም፣ ገበያ ወርዶ ይሆናል፣ እንድታደርስልኝ» አሉና ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ።

ይርጋ ያሉት ዘበኛቸውን ነው። እኔ አያ ይርጋ እለዋለሁ፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ጓደኞቹ ሲመለሱ ሐጂ አምነው ያስቀሩት፣ ልጆቹን በስልክ የሚያሳድግ ሰው ነው። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «መምህር፣ የትንሿ ልጄ ፊት በቪዲዮ ቁርጥ ቁርጥ ይልብኛል፣ እስቲ እያት» እያለ ስልኩን ይሰጠኛል፣ እወደዋለሁ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። የካሜራውን መቅረጫ መጀመሪያ ከቤቴ ባመጣሁት ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ሰክቼ፣ ሪዞሉሽኑን፣ ማለት የምስሉን ጥራት፣ አሮጌው እስከሚችለው ድረስ ዝቅ አደረግሁ፣ ከዚያ ገመዱን ነቅዬ ወደ አሮጌው መለስኩት፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ምንም መምረጥ ስለማይቻል ነው እንዲያ የሚደረገው። ምስሉ መጣ! «ጎበዝ» አልኩ ለራሴ፣ ሌላ የሚለኝ ስላልነበረ። ሰፊው ምስል ጠባቡ ሞኒተር ውስጥ ሲገባ ግን ከግራና ከቀኝ ተጨመቀ፣ የቆመው ሁሉ ቀጥኖ ረዘመ፣ የተኛው ሁሉ አጠረ፣ ግቢው ውስጥ የቆመችው አህያ ቀጭኔ መሰለች። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ሞኒተሩ ሥር ባሉት ቁልፎች ቁመቱን ቀነስ ሲያደርጉት ከላይና ከታች ጥቁር ይቀርና ምስሉ ወደ ልኩ ይመለሳል።

ቁልፉን ከመንካቴ በፊት የመጋዘኑን ውስጥ የሚያሳየውን ካሜራ ከፈትኩ። አያ ይርጋ ገበያ አልወረደም፣ ከጆንያው ክምር ሥር ተኝቷል፣ ምስሉ ጨምቆት እንደ ሕፃን አጥሯል። ራስጌው ላይ አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ፣ ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ተቀምጧል። በዚያ ሙቀት ጋቢ! መጀመሪያ የገረመኝ እሱ ነበር። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር አየሁ፣ እመኑኝ፣ ሰውየው አልቀጠነም። ምሰሶው ቀጥኗል፣ በሩ ቀጥኗል፣ ጆንያው ቀጥኗል፣ እሱ ብቻ እንደ እኔና እንደ እናንተ በልኩ ነው። የሞኒተሩ መስተዋት ከኋላዬ ያለ ሰው እያሳየኝ ይሆናል ብዬ ዞርኩ፣ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

አሮጌ ሞኒተር ሲበራ የሚያሰማት ቀጭን ፉጨት አለች፣ ታውቋት ይሆናል። እሷ ጠነከረች፣ ጥርሴ ውስጥ የገባች እስኪመስለኝ ድረስ። «ማስረሻ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» ብዬ ራሴን ገሥጬ ቁልፉን ተጫንኩ። ምስሉ ከላይና ከታች ተሰበሰበ፣ አያ ይርጋ ወደ ልኩ ተመለሰ፣ ምሰሶው ተመለሰ። ሰውየው ግን እንደነበረ ቀረ፣ የጋቢው ጫፍ ከምስሉ ወጥቶ ጥቁሩ ላይ፣ ምንም ምስል በማይደርስበት ቦታ ላይ አረፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ እኔ ማዞር ጀመረ።

ፊቱን አላየሁም፣ ሮጫለሁ። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ መጋዘኑ መሮጤን ያወቅሁት እንኳ በሩን ስገፋ ነው፣ አያ ይርጋ እዚያ ነበራ። ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። «አያ ይርጋ! አያ ይርጋ!» ብል አይሰማም፣ ሰውነቱ እሳት ነው፣ ዓይኑ ተገልብጧል። ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ አደረስኩት። ነርሷ ወባው ወደ ጭንቅላቱ መውጣት ጀምሮ እንደነበር ነገረችኝ፣ «እስከ ማታ ቢቆይ አናተርፈውም ነበር» አለች። ያን ሌሊት፣ ያ ነገር ምንም ይሁን ምን ለደግ ነው የመጣው እያልኩ ተኛሁ።

በማግሥቱ ልጠይቀው ስሄድ አያ ይርጋ ቀና ብሎ ሾርባ ይጠጣል።

«መምህር፣ ያ ሰውዬ አገኘህ?» አለኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ባለ ጋቢው ነዋ። ራስጌዬ ተቀምጦ ‹ያ በመስኮቱ የሚያየን ልጅ ማን ይባላል?› አለኝ።»

እኔ ሐጂ ቢሮ መምጣቴን እንኳ አያውቅም ነበር። «ምን አልከው?»

«ማስረሻ ይባላል፣ መምህር ነው አልኩት። ‹የእናቱስ ስም?› አለኝ፣ እሱን አላውቅም አልኩት። ‹ግድ የለም፣ እጠይቃለሁ› ብሎ ተነሣ። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«ኧረ አላጠፋህም» አልኩት። በሰው ላይ ነገር የሚሠራ ሁሉ የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም እንደሚፈልግ እኛ አገር ልጅ እንኳ ያውቃል፣ እኔም እየሳቅሁበት ነው ያደግሁት። ትኩሳት ነው፣ ቅዠት ነው አልኩ። ሐጂን ለምኜ ቅጂውን በጠፍጣፋው ስክሪን አየሁት፣ አያ ይርጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ተኝቷል። ሐጂ ሞኒተሩን አልጣሉትም፣ «ተማም ነው፣ ይሠራል» ይላሉ፣ እኔ ግን ያን ቢሮ አልረግጥም።

ባለፈው ሳምንት በቀትር ስልኬ ጮኸ፣ ቁጥሩን አላውቀውም፣ ድምፁ ጨዋ ነው። «አቶ ማስረሻ፣ ከባንክ ነው፣ መረጃዎን እያደስን ነበር፣ የእናትዎን ስም ማን ልበል?» አለኝ። ባንክ ይህን ይጠይቃል፣ አውቃለሁ፣ አጭበርባሪም ይጠይቃል። ከድምፁ ጀርባ ግን ያቺ ቀጭን ፉጨት ነበረች። ዘጋሁት። ደግ አደረግሁ ብዬ ኮራሁ።

ትናንት ማታ እናቴ ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ጉንፋንህ ተሻለህ?» አለችኝ።

«የምን ጉንፋን?»

«ቀን ስትደውል ድምፅህ ፉጨት ፉጨት ይላል። ደግሞ የእናቱን ስም የሚጠይቅ ልጅ አንተን አየሁ!»

«እማዬ፣ ነገርሽኝ?»

«ለልጄ ስሜን ልከልክል እንዴ?»

ይህን የምጽፍላችሁ ጠዋት ነው፣ ቀትር ሳይደርስ ለመጨረስ እየተጣደፍኩ።