ረግረጉን የመለሰችው ሊሳምራ

በዘንጎራ መንግሥት የሸማን ወንዝ በበጋው መካከል ደረቀ። እናቶች ጭቃ በነጠላ እየጨመቁ ልጆቻቸውን አጠጡ። የቤተ መንግሥቱ ጠቢባን ግን ካባቸውን ደርበው ተሰበሰቡና ታላቅ ጥበባቸውን ገለጡ፦ «ወንዙን ዘንዶው ጉምራድ ጠጥቶታል!» እነዚህ ሰዎች ከመስኮታቸው ማዶ ያለውን ነገር አይተው አያውቁም።

አባቷ ሞቶ ዘውዱን ልትጭን የተቃረበችው ወጣቷ ሊሳምራ ሰይፏን መዘዘች። «በአባቴ ዙፋን እምላለሁ! ሸማንን ሳላስለቅቅ አልነግሥም!»

መኳንንቱ አጨበጨቡ። በጭብጨባ ማን ይችላቸዋል! አብሯት የዘመተው ግን ከሕፃንነቷ ያሳደጋት ሽማግሌው ጋሻ ጃግሬዋ ድብሎ ብቻ ነበር።

ጉምራድን ያገኙት በተራራው ላይ፣ በደረቀ ኩሬ ውስጥ ነው። አጥንቱ ይቆጠር ነበር።

«ሆዴን ቅደጂው፤» አላት ዘንዶው። «እፍኝ ውኃ ካገኘሽ አንገቴን ውሰጂ። አያቶችሽ ረግረጉን ለእኔ ትተው ዳር ዳሩን ያርሱ ነበር። ረግረጉም ክረምት የጠጣውን በበጋ ለወንዙ ይመልስ ነበር። አባትሽ ትንኝ አስቸገረኝ ብሎ በግንብ ዘጋው፤ አድርቆም ቤተ መንግሥት ሠራበት። አሁን ጎርፉ በግንቡ ጥግ ሮጦ በረሃ ይገባል። በበጋ ምን ልትጠጡ ኖሯል? ዕብነ በረድ?»

ሊሳምራ ሰይፏን ጣለች። «ግንቡ ከፈረሰ ቤቴም ዙፋኔም ይሰምጣሉ፤» አለች።

«እመቤቴ፣» አላት ድብሎ፣ «የማሉት ስለ ወንዙ ነው እንጂ ስለ ምንጣፉ አይደለም።»

ክረምት ሲገባ ተመልሳ የከተማው ሰው ሁሉ እንዲወጣ አስለፈፈች። ድሃው ልጁን አዝሎ ወዲያው ወጣ። መኳንንቱ ሣጥን ሲያስጭኑ ዋሉ፤ በመጨረሻ ግን እየተነጫነጩ ወጡ።

ግንቡን የደገፈውን የእንጨት ምሰሶ ከውስጥ የሚቆርጥ ሰው በሕይወት አይመለስም። ሊሳምራ መጥረቢያ ይዛ ልትገባ ስትል ድብሎ ነጠቃት።

«ዙፋን ለሌለው ሕዝብ እርስዎ ያስፈልጉታል፤» ብሎ ገባ። ወዲያው ግንቡ ተናደ፤ ውኃውም ድብሎን፣ አዳራሹንና ዙፋኑን ዋጠ። ጉምራድም ከተራራው ወርዶ ወደ ቀድሞ ቤቱ ገባ።

በተከታዩ በጋ ሸማን ሳይቋረጥ ፈሰሰ። እናቶች ንጹሕ ውኃ በእንስራ ቀዱ። መኳንንቱም በኮረብታ ላይ በተተከለው በሊሳምራ ድንኳን ፊት ተሰልፈው እጅ ነሡ።

«ግርማዊት ሆይ፣ ረግረጉን ትንሽ ብናደርቀውስ? ለአዳራሽ የሚበቃ ያህል ብቻ።»

ሊሳምራ በንቀት አየቻቸው። «ድብሎ እዚያ ተኝቷል። ሂዱና ቦታ ልቀቅልን በሉት።»

ከዚያም በፊታቸው አለቀሰች፤ አንዳቸውም ዓይኗን ሊያይ አልደፈረም።