የታጠቅ ኖድ

የታጠቅ ምስል አፉን እንደከፈተ ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ታጠቅ! ትሰማኛለህ የኔ ጌታ?» እናቱ ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ድምፁም ተቆረጠ። ወዲያው የኢንተርኔት ፓኬጁ ማለቁን የሚናገር መልእክት ገባ።

«ገና ሰኞ አልነበር እንዴ የሞላነው?» አለች። «ፊቱን እንኳ በቅጡ ሳላየው።»

ሊዲ ቀና ብላ ቁም ሳጥኑን አየች። ፓኬጁን ማን እንደጨረሰው ታውቃለች፤ እዚያ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ኢንተርኔት እየተጋራ ቀን ከሌት የሚያጉረመርመው የወንድሟ አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ታጠቅ መተሐራ ሥራ አግኝቶ ከአዳማ ከመሄዱ በፊት ላፕቶፑን የቢትኮይን ኖድ፣ ማለትም የዚያን የኢንተርኔት ገንዘብ መዝገብ ከሚይዙት ብዙ ኮምፒውተሮች አንዱ፣ አድርጎት ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተደረገው የቢትኮይን ዝውውር ሁሉ እሱ ውስጥ አለ፤ አዲስ የሚመጣውንም ማንንም ሳያምን ራሱ ያጣራል። ያን ሁሉ በቤታቸው ኢንተርኔት ማውረድ የማይሞከር ስለሆነ፣ ታጠቅ ሞጆ ካለ ጓደኛው ቢሮ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር ያመጣው። ሲሄድ ሊዲን «አደራ፣ እንዳትዘጊው» አላት። ሁልጊዜ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» የሚላት ወንድሟ፣ አደራ ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

«ለመሆኑ ይሄ ነገር ብር ያመጣል?» አለች እናቷ።

«አያመጣም እማ።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ያጣራል።»

«ያጣራ እንግዲህ» አለችና የላፕቶፑን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገችው። የልጇ ዕቃ ነው።

በማግስቱ ሊዲ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ገብታ ስታነብ ነገሩ ገባት። ኖዱ ኢንተርኔቱን የሚበላው የእያንዳንዱን ዝውውር ወሬ ከሌሎች ኖዶች ጋር ሲቀባበል ስለሚውል ነው። ወሬውን ትቶ፣ ዝውውሮቹ ተጠቃለው የታሰሩበትን ብሎክ ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። ቤት ገብታ አንዲት መስመር ጻፈችና አስተካከለችው።

«ምን አደረግሽው?»

«ከጎረቤት ጋር ወሬ እንዲያቆም ነገርኩት።»

እናቷ ሳቀች። «እኔን እንዳታስቆሚኝ ብቻ!»

እንደገና የሞሉት ፓኬጅ እስከ እሑድ ቆየ። ታጠቅ ሲደውል ግን ምስሉ እንደገና ይቆራረጥ ጀመር። ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ በመዋሉ ኖዱ ያመለጡትን ብሎኮች በጥድፊያ እየጎተተ ነበር።

ሊዲ ላፕቶፑን አየችው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ውሎ፣ ሲከፈት ካቆመበት ቀጥሏል። ቢዘጋ ምንም አይሆንም። የከበዳት አደራው ነው። እናቷን አየቻት፤ ዓይኗን አጥብባ የተበጣጠሰውን ምስል ለመለየት ትታገላለች።

ተነሥታ ዘጋችው።

ምስሉ ጠራ። «ውይ፣ ጺም አሳደግክ እንዴ? ደግሞ ከስተሃል!» አለች እናቷ፣ ስክሪኑን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች።

«ኔትዎርኩ ዛሬ አሪፍ ነው!» አለ ታጠቅ። «ሊዱ፣ ኖዱ ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው» ብትለው ያልፍ ነበር።

«ዘግቼዋለሁ» አለች።

«ምን?»

«እማ እንድታይህ። ስትጨርሱ እከፍተዋለሁ፣ ያመለጠውን ይይዛል። ከአሁን በኋላ እሑድ እሑድ ስትደውል እዘጋዋለሁ።»

«አቦ ሊዱ…» አለና ታጠቅ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አነሳ። ሲመለስ ድምፁ ለስልሶ ነበር። «ይሁን። እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞር በል» አለች እናቷ፣ ስለ ኖዱ የተባለውን ምንም እንዳልሰማች ሁሉ።

ታጠቅ ዞረ። ሊዲ ስልኩን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ሁለቱ በደንብ እንዲተያዩ አድርጋ ያዘችው። ክንዷ ቢዝልም አላወረደችውም።