የአሥራ ሁለተኛው ቀን ተራ

ኢንስፔክተር ታዲቻ ከኦቦ ከተማ በዚያ ክፉ መንገድ ተንገላትቶ ሞያሌ ሲደርስ፣ የኮምፒውተር አስተማሪው የጆን ሬሳ ገና ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ደረጃ ሥር ነበር። የሸሚዙ ደረት ተቀዷል፤ ሰው ገፍቶታል። የሞተው ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

«በሩ ላይ እኔ ነበርኩ» አለች የትምህርት ቤቱ ባለቤት ዘርፌ። «ውስጥ ከጆን ሌላ ሁለቱ ተማሪዎች፣ ኬቨንና ፈርሂያ፣ ብቻ ነበሩ። ጆን፣ ‹ኬቨን የራሱን ሥራ አይሠራም፣ አባርረዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

የሚሠራው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ሳይቋረጥ ተጽፎበታል፤ የተሰጡ ቁጥሮችን ብዜቶች የሚደምር የጀማሪ ፋንክሽን፣ አጭር የፕሮግራም ቁራጭ ነው። ያን የጻፈ ሰው ደረጃው ላይ ሊሆን አይችልም።

«ስሜ አለበት እኮ አፋንዴ» አለ ኬቨን ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሮ።

«ዎላሂ እኔ ነኝ የጻፍኩለት!» አለች ፈርሂያ። «ሁሌም እኔ ነኝ የምሠራለት።»

«የዳበል ገጠር ልጅና ኮምፒውተር!» አላት ኬቨን። « ሂጂ ፍየልሽን ጠብቂ።»

ታዲቻ ስክሪኑን ለብቻው ለረጅም ጊዜ አየና አጠፋው። ዓይኑን እያሸ ሁሉንም ጠራ፤ ለሁለቱ ተማሪዎች ወረቀት ሰጣቸው።

«ከአሥራ አምስት በታች ያሉትን የአራትና የስድስት ብዜቶች በእጃችሁ ደምሩ።»

ኬቨን ሠላሳ አለ። ፈርሂያ አርባ ሁለት።

ኬቨን ሳቀ። «አሥራ ሁለትን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው! የሁለቱም ብዜት ቢሆን ያው አንድ ቁጥር ነው። ይቺ ናት ፕሮግራም የጻፈችልኝ?»

«ለምን ሁለቴ ቆጠርሽው?» አላት ታዲቻ።

«በእኛ የውሃ ጉድጓድ ከብት በየአራት ቀኑ፣ ግመል በየስድስት ቀኑ ይጠጣል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለቱም ይመጣሉ። አንዴ ብቻ ከቆጠሩት አንዱ መንጋ ሳይጠጣ ይመለሳል።»

ታዲቻ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ኬቨን፣ ልክ ነህ፤ መልሱ ሠላሳ ነው። ፋንክሽኑ ግን የእያንዳንዱን ቁጥር ብዜቶች ለየብቻ ደምሮ ድምሮቹን አንድ ላይ ይደምራል፤ አሥራ ሁለት ሁለቴ ይገባል። ይሄ ማንንም ሊያመልጠው ይችላል እንበል። ከሥሩ ግን የጻፈው ሰው ለዚሁ ጥያቄ ለማመሳከሪያ ራሱ አስልቶ ያስቀመጠው መልስ አለ። አርባ ሁለት ይላል። ያ ሰው አርባ ሁለት ልክ ነው ብሎ አምኗል። አንተ ደግሞ አሁን ሳቅህበት።»

የኬቨን ሳቅ ጠፋ።

«ጆን ሰርተፊኬት አልሰጥህም አለኝ» አለ። «ገፋሁት እንጂ… ይሞታል አላልኩም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት ታዲቻ ፈርሂያን።

እሷ ግን ወረቀቷን እያየች ቀረች። «ስህተት ነው ማለት ነው? ታዲያ ጆን ከሌለ እንዴት እንደሚስተካከል ማን ያሳየኛል?»