ወደ ሰሜን የማይሄድ አውቶቡስ

አበባ ሻጯ የጃስሚን ጉንጉን ሮሃያ አንገት ላይ አጠለቀችና፣ «የጠፋችብሽ እንግዳ ይቺውልሽ። ሁለተኛ በደንብ ቁጠሪ» አለቻት።

ርክክቡ ይኸው ነው።

ከሻጯ ኋላ የቆመችው ቀጭን ሴት እንደ ሌሎቹ የጉብኝት እንግዶች ብርቱካናማ ኮፍያ አድርጋለች። ራትሪ ትባላለች፤ የጃቫ ልጅ ናት፣ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ። የሮሃያ የስለላ መሥሪያ ቤት ግን «ዕቃው» ነው የሚላት። አሥራ ዘጠኝ መርከበኞች በር ተቆልፎባቸው ሲሰምጡ፣ የመርከቡ ባለቤት «አትክፈቱላቸው» ብሎ ሲያዝ በሬዲዮ የሰማች እሷ ብቻ ናት። ነገ ጠዋት ጃካርታ ፍርድ ቤት ትቆማለች። ካልደረሰች ሰውየው በነጻ ይሄዳል። ካገኟት ደግሞ አሥራ ዘጠኙ ሃያ ይሆናሉ።

ሮሃያ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ ወደ አውቶቡሱ ነዳቻቸው።

የአስጎብኚነት ፈቃዷ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀልዶቿ ሃያ ሁለት ዓመት ያረጁ ናቸው። ሲንጋፖርን ሰፈር በሰፈር ታዞራለች፤ በየሰፈሩ የምትጥለውን፣ የምታነሳውን ማንም አያይም። ባንዲራ ይዛ የምትጮህ ሴት ማን ይጠረጥራል? ለመሥሪያ ቤቱ «ዝንጅብል» ናት።

የዛሬው መንገድ ቀላል ነው። ጠዋት ህንድ ሰፈር። ምሳ ቻይና ሰፈር። ከሰዓት በምሥራቅ በኩል ካቶንግ፣ ከዚያ ቻንጊ። ስምንት ሰዓት ላይ ቻንጊ ጀልባ ይጠብቃል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና አለቃዋ ቴክ ሁዋት፣ በስውር ስሙ «ቅርንፉድ»።

አውቶቡሱን ያሳቀው ዴዝሞንድ ነበር። ከአውስትራሊያ፣ ከፐርዝ የመጣሁ የጥርስ ሐኪም ነኝ ብሏል። ሲንጋፖርን ገና ማየቱ ነው። የቤተ መቅደሱን ጣሪያ ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ሙቀቱን ተራገመ፣ ያገኘውን ሁሉ ፎቶ አንሱኝ አለ። እዚህ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ አክስቴ እንደምትባል ነግረውት፣ ሮሃያን በደቂቃ አሥር ጊዜ አክስቴ ይላት ጀመር። ራትሪ እንኳ ፈገግ አለች።

ቻይና ሰፈር ሲደርሱ የምግብ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሮሃያ እንግዶቹን በየጠረጴዛው ስትበትን ራትሪን አጠገቧ አስቀመጠች። ዴዝሞንድ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል አንድ ባዶ ጠረጴዛ አገኘ። ከኪሱ ትንሽ እሽግ ሶፍት አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው። ወደ ዶሮና ሩዝ ሰልፍ ሄደ።

ሮሃያ ያነሳችውን ማንኪያ መልሳ አስቀመጠች።

እዚህ ከተማ ጠረጴዛ የሚያዘው በሶፍት ነው። ሶፍት ካለበት ሰው አለበት፤ ሚኒስትርም ቢመጣ አያነሳውም። እንግዶች ይህን ከሰው ሰምተው ሊሞክሩት ይችላሉ። ሲሞክሩት ግን ይሳሳቃሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ወንበሩ እንዳይወሰድባቸው አሥር ጊዜ ዞረው ያያሉ።

ዴዝሞንድ አንዴም አልዞረም።

እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ እናቱ እየጎተተች ምሳ ስታበላው ያደገ ሰው ነው። ዋሽቶ ቡድኗ ውስጥ ገብቷል። ይህን ቡድን ከሁሉ ቡድን መርጦ እንዲገባ የነገረው ሰው አለ።

ማን እንደሆነ ልቧ አውቆታል። ልብ ግን ማስረጃ አይደለም።

ስልኳን አነሳች። ለቴክ ሁዋት ነገሩ እንዳላማራት፣ ዕቃውን አውቶቡስ ላይ እንደማትጭናት፣ በኋላ በር በኩል አሁኑኑ በታክሲ እንደምትልካት ነገረችው። ጎበዝ አላት። ሁልጊዜ ስትጠነቀቅ ደስ እንደሚለው ነገራት። ዘጋች። ቆጠረች።

አርባ ላይ ስትደርስ የዴዝሞንድ ስልክ በራ።

ሰልፉን ትቶ ወጣ። በኋላ በር። ወደ ታክሲዎቹ።

ሃያ ሁለት ዓመት። ሰው መከተልን፣ ከሰው ማምለጥን፣ ሳይበሉ የበሉ መምሰልን ያስተማራት ቴክ ሁዋት ነው። እናቷ ስትታመም ሆስፒታል የወሰዳት እሱ ነው።

አሁን ለዚህ ጊዜ የለም። «ምሳ በቃ። በፊት በር፣ ቶሎ ቶሎ» አለች።

አውቶቡሱ ሲነሳ አንዲት ሴትዮ የጥርስ ሐኪሙ ቀረ ብላ ተነጫነጨች። ሮሃያ ሆዱን አሞት በታክሲ እንደሚመጣ በማይክሮፎኑ አስታወቀችና ወደ ሾፌሩ ወንበር ጎንበስ አለች። ሴልቫም የታሚል ሽማግሌ ነው። ሃያ ዓመት ነድቶላታል፤ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«አጎቴ፣ ባቡር ጣቢያው ጋ ቁምልኝ። እኔና ይቺ ልጅ እንወርዳለን። እንግዶቹን ካቶንግ ላክሳ አብላቸውና እንደታሰበው ቻንጊ ውሰዳቸው።»

«አስጎብኚው ማን ሊሆን ነው?»

«አንተ።»

«እኔ የማውቀው ሽንት ቤቱ የት እንዳለ ነው።»

«ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ስማኝ፣ ቻንጊ የሚጠብቁህ ሰዎች አሉ። ደህና ሰዎች አይደሉም።»

ሴልቫም መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የሚጠብቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም» አለና ባንዲራውን ከእጇ ተቀበላት።

ባቡሩ ወደ ሰሜን ነጎደ። ማንም አስጎብኚ እንግዳ ወደዚያ ወስዶ አያውቅም። መቃብር አለ፣ ወታደር የሚለማመድበት ጫካ አለ፣ የዶሮ እርባታ አለ። በመጨረሻው መንገድ ጫፍ ዓሣ አርቢዎች ጀልባቸውን የሚያስሩበት አሮጌ የእንጨት መሳፈሪያ አለ። ከዚያ ማዶ፣ አንድ ትንፋሽ በምታህል ባሕር ላይ፣ ማሌዥያ ትታያለች።

ሮሃያ ባቡሩ ላይ በአንድ ተሳፋሪ ስልክ ደውላላት፣ አህ ሁዋይ ጀልባዋ ላይ ሆና ትጠብቃቸዋለች። ጉልበቷ ድረስ ቦቲ የተጫማች፣ ባሏን ቀብራ ተንሳፋፊ እርባታውን ብቻዋን የያዘች ሴት ናት። የሮሃያ የትምህርት ቤት ጓደኛ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ሰው አይደለችም። ለዚህ ነው የተመረጠችው።

ራትሪ የጃካርታዋን ዐቃቤ ሕግ ስልክ በቃሏ ታውቀዋለች። ማዶ እንደደረሰች ትደውልላታለች፤ ሰዎቿ መጥተው ይወስዷታል። አንድ እግሯን ጀልባው ላይ አድርጋ ወደ ሮሃያ ዞረች፤ ይቺ የማታውቃት ሴት ምን እንደሚገጥማት ጠየቀች።

«አንቺ ነገ የሰማሽውን ተናገሪ። የእኔን ለእኔ ተይው» አለቻት ሮሃያ።

ሞተሩ ተነሳ።

ከኋላዋ የመኪና በር ተዘጋ።

ቴክ ሁዋት ነው። ብቻውን። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፣ ቀኝ እጁ ከሸሚዙ ሥር ነው። ሰው የማይደርስበትን ቦታ ምረጪ ብሎ ያስተማራት እሱ ስለሆነ፣ ለማግኘት ብዙ አልደከመም።

«ጀልባውን መልሺ» አለ በዝግታ።

«አልመልስም።»

«ያ ባለመርከብ ይገድለኛል ሮሃያ። ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ለእኔም ገብተህልኛል።»

«ጀልባው ቢመለስ ማንም ምንም አያውቅም። ነገ ባንዲራሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ባይመለስ ግን ዕቃውን የሸጠችው ዝንጅብል ናት ብዬ እጽፋለሁ። ቤትሽ አይኖርም፣ ስምሽ አይኖርም። እናትሽን አስቢ።»

ጀልባው ገና ቅርብ ነው። የራትሪ ጀርባ ይታያል።

እጁ ከሸሚዙ ሥር ተንቀሳቀሰ።

ሮሃያ በእሱና በጀልባው መካከል ገባች።

መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ሦስት ጡረተኞች መንጠቆ ጥለው ያንቀላፋሉ። ሮሃያ አየቻቸው። ያኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ራሷን የከለከለችውን ነገር አደረገች። በአስጎብኚ ድምፅዋ፣ ያለ ማይክሮፎን አርባ ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ እውነቱን ተናገረች።

«አጎቶቼ፣ ወደዚህ እዩልኝ! ይህ ሰው ቴክ ሁዋት ይባላል። የስለላ ሹም ነው። እኔ ሮሃያ ቢንቲ ሳምሱሪ የእሱ ሰላይ ነኝ። ሸሚዙ ሥር ሽጉጥ ይዟል። ያቺን ልጅ ሊገድላት የመጣው ለመሥሪያ ቤቱ አይደለም፣ ለገዛው ሰው ነው። ስልካችሁን አውጡና ቅረጹን። ፊቱን በደንብ።»

መጀመሪያ አንዱ ስልኩን አወጣ። ከዚያ ሁለቱ።

የቴክ ሁዋት ፊት አመድ መሰለ። ሰላሳ ዓመት ፎቶ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ራስሽንም ገደልሽ እኮ» አላት።

«አውቃለሁ። ቀጥ ብለህ ቁም፣ እየቀረጹህ ነው።»

እጁን ባዶውን አወጣ። ወደ መኪናው ተመለሰ። አልሮጠም፤ ያንን እንኳ ያስተማራት እሱ ነበር።

ስትዞር ጀልባው ወደ ማዶ ርቆ ነጥብ አክሏል።

ራትሪ በማግስቱ ፍርድ ቤት ቆመች። አሥራ ዘጠኙን በየስማቸው ጠራች። የመርከቡ ባለቤት ሃያ ዓመት ተፈረደበት። ቴክ ሁዋት በጤና ምክንያት ጡረታ ወጣ ተባለ። ቪዲዮው በሰዓታት ውስጥ ከየስልኩ ጠፋ፤ ከሮሃያ ፋይል ላይ ግን አልጠፋም። የመንግሥት ምስጢር በማውጣት ትፈለጋለች፤ እሷን ግን በዚያው ሌሊት የአህ ሁዋይ ጀልባ አሻግሯታል። ሴልቫምን ሁለት ቀን አቆይተው ሲለቁት መንጃ ፈቃዱን ቀሙት።

ማዶ ባሕሩ ላይ፣ ከሃያ ተንሳፋፊ እርባታዎች በአንዱ፣ ለዓሣ መኖ የምትበትን ሴት አለች። ጸሐይ አጥቁሯታል። ኖራ ይላታል አሠሪዋ፤ የአባቷን ስም የጠየቃት የለም። እናቷ ጋ መደወል አትችልም፤ ምናልባት መቼም።

አህ ሁዋይ በወር አንዴ መኖ ስታመጣ ወሬ ታመጣለች። ዛሬ የነገረቻት፣ ሰዎቹ የእናቷን ቤት ሊፈትሹ የመጡ ዕለት የሆነውን ነው። ስድስት ነበሩ አሉ። አሮጊቷ በሩን ከፍታ እግራቸውን አየችና ጫማችሁን አውልቁ አለቻቸው። አወለቁ። ከዚያ ሶላቴን ሳልጨርስ አትገቡም ብላ በሩን ዘጋችባቸው። ስድስቱ የመንግሥት ሰዎች ጎረቤት እያያቸው በካልሲ ኮሪደሩ ላይ ተገተሩ። አሮጊቷ የዚያን ቀን ረጅም ሶላት ሰገደች።

ሮሃያ ባልዲውን አስቀምጣ እስኪያልባት ሳቀች።

በጎን መረብ የሚጠግነው ሠራተኛ ቀና አለ። «ኖራ፣ ምን አገኘሽ?»

«ምንም» አለችና ዓይኗን ጠርጋ መኖውን መበተን ቀጠለች።