ግራጫው ኮረብታ

«ሙጫው የታለ? ሙጫውን ማን ወሰደው?» ጥድፊያ ጠረጴዛው ስር ገብታ ትፈልጋለች፤ ሙጫው ግን እጇ ላይ ነው! ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት በከንቱ አይደለም እኮ።

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ዳኞች እሷና ጓደኛዋ ጋ ለመድረስ ሁለት ክፍል ቀርቷቸዋል። ሁለት ብቻ! ሽልማቱ ደግሞ የሳተላይት መቀበያ ጣቢያውን መጎብኘት ነው። ያንን ቤት የሚያክል አንቴና በዓይኗ ማየት! ከመጓጓቷ ብዛት እንቅልፍ አጥታ ሰንብታለች፤ እናቷ «ልጄ፣ አንቺው ልትመጥቂ ነው እንዴ?» እስክትላት ድረስ።

ለዳኞቹ የሚያሳዩት ሰሌዳ ላይ የአካባቢ ክበቡ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ የተከላቸው ችግኞች ፎቶ ተለጥፏል። ከሥሩ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ሁሉም ጸድቀዋል!» ይላል። የጻፈችው የክበቡ ሊቀመንበር ናት፤ የጥድፊያ የልብ ጓደኛ።

ለመለጠፍ የቀረው ኮረብታውን ከላይ የሚያሳየው የሳተላይት ምስል ነው። ጥድፊያ ጥቅልሉን ፈታችና ዝም አለች። እሷ! ዝም!

«ምነው? ምላስሽን ዋጥሽው?» አለቻት ሊቀመንበሯ።

«ኮረብታው ግራጫ ነው።»

«እና?»

«ሳተላይቱ እኛ የማናየውን ብርሃን ያያል አላልኩሽም? ጤነኛ ቅጠል እዚህ ላይ ቀይ ሆኖ ነው የሚወጣው። ግራጫው ደግሞ...»

ሊቀመንበሯ ጥፍሯን ነከሰች። «ፎቶውን ያነሳሁት ከአጥሩ ሥር ነው፤ የፊተኛውን ረድፍ ብቻ። ላይኛውን እኔ እንጃ፣ ከተከልን ወዲህ ወጥቼም አላውቅ።» ወዲያው ፊቷ በራ። «ስሚማ! የቀለሞቹን ማብራሪያ የምትጽፊው አንቺ አይደለሽ? ገልብጪዋ! ግራጫው ዛፍ፣ ቀዩ ባዶ መሬት በይ። ማን ያውቃል?»

ውይ፣ እንዴት ይቀላል! ማን ያውቃል? ጥድፊያ ማርከሩን ከፈተች። ዘጋች። ደግማ ከፈተች። እግሯ አላርፍ አለ።

ግራጫው ጫፍ ላይ ግን ቀጭን ቀይ መስመር አለ። ፎቶው ላይ ያለው ረድፍ!

«ለምን እነሱ ብቻ ተረፉ?» አለች።

«አጥሩ ጋ ያለው ቧንቧ እነሱ ላይ ያንጠባጥባላ! ሁሌ ጫማዬን በጭቃ...» የሊቀመንበሯ ቃል አፏ ላይ ቀረ።

ተያዩ። ለካ የጎደለው ውሃ ብቻ ነበር!

ኮሪደሩ ላይ የዳኞቹ ኮቴ ተሰማ። ጥድፊያ የማብራሪያው ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ፊደሎቹ ተንጋደዱ። «ቀይ፦ በሕይወት ያለ ቅጠል። ግራጫ፦ የደረቁብን ችግኞች።»

«አንቺ እብድ! ጣቢያው እኮ ቀረብሽ!»

«አውቃለሁ» አለች ጥድፊያ። ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ሊቀመንበሯ አፈጠጠችባት። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞራ «ሁሉም ጸድቀዋል!» የሚለውን ወረቀት ከጥጉ ይዛ ላጠችው።

«ያንቺን አምጪ» አለች እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ። «ሙጫውንም።»