አስራ ሁለተኛው መስመር

«ሃሎ! ዶክተር? ሃሎ!»

ሲስተር ሰናይት ስልኩን ከጆሮዋ ላይ አንስታ አየችውና መልሳ ለጠፈችው። «ዶክተር፣ ይሰማል?» አይሰማም። ከማዋለጃ ክፍል እያወራች ስትወጣ ደህና ነበር። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ግን ንግግሩ ተቆራረጠ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ነርሷ ስልኩን ኪሷ ከታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ላይ ሮጠች።

ፅዮን መንገድ ለመልቀቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቀረች። ከራሷ በላይ፣ ባለፈው ማክሰኞ በገዛ እጇ በፕላስተር የለጠፈቻት ቁራጭ ወረቀት አለች። 12 ትላለች። በእነፅዮን ሪፖርት መሠረት ደግሞ ቁጥር አስራ ሁለት ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ነው።

ዶክተሩ በሰዓቱ ደረሰ፤ ወላዷም በሰላም ተገላገለች። ፅዮን ግን 12 የምትለውን ወረቀት እየተመላለሰች ስታያት ዋለች።

ሆስፒታሉ ለነርሶቹና ለሐኪሞቹ በዋይፋይ የሚሠራ ስልክ ያስገባው በዚህ ክረምት ነው። ስልኩ ሲም የለው፣ ካርድ አይሞላበት፤ ጣሪያው ላይ በተተከሉ ነጫጭ ሳጥኖች በኩል ከክፍል ክፍል ያገናኛል። ሰኞ ጠዋት የድሮዎቹ ባለ ሽቦ ስልኮች ከየክፍሉ ይነሳሉ። ከዚያ በፊት የሆስፒታሉ ኢንጂነር ሰላምአብ ለክረምት ልምምድ ለመጡት ሁለት የትምህርት ቤት አይሲቲ ክበብ ልጆች፣ ለፅዮንና ለፍሬዘር፣ ቀላል የሚመስል ሥራ ሰጣቸው። ከማዋለጃ ክፍል እስከ ላይኛው ፎቅ ሃያ ቁጥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። አንዱ እየተራመደ የደረሰበትን ቁጥር በስልኩ ይናገራል፤ ሌላው ታች ተቀምጦ የሰማውን ይጽፋል። ያልተጻፈ ቁጥር ካለ እዚያ ቦታ ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

«ቪዲዮ ቢዘገይ ትንሽ ቆሞ ይቀጥላል» ብሏቸው ነበር ኢንጂነሩ። «ድምፅ ግን አይጠብቅም። መንገድ ላይ የጠፋችውን ቃል ማንም መልሶ አያመጣትም።»

ፅዮን ከአንድ እስከ ሃያ እየጠራች ሄደች። ወረቀቱም ከአንድ እስከ ሃያ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። ኢንጂነሩ «ጎበዞች!» ብሎ ማህደሩ ውስጥ ከተተው።

ፍሬዘርን በር ላይ ሳምቡሳ ሲበላ አገኘችው።

«ማክሰኞ አስራ ሁለት ስል ሰምተሃል?»

«ምን?»

«በጆሮህ ሰምተሃል ወይ ነው የምልህ።»

ፍሬዘር ማኘኩን አቆመ። «ስሚ፣ አታካብጂ። እኔ አልነበርኩም። ጁስ ልጠጣ ወጣ ብዬ ስልኩን እትዬ አሳየሽ ያዙልኝ።»

«እናቴ?!»

«አንድም አልሳቱም እኮ! ከአንድ እስከ ሃያ ልቅም አድርገው ጻፉ። እኔ ታች ስሜን ብቻ ነው ያስገባሁት።»

አሳየሽ የሆስፒታሉ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ይህን ልምምድ ለልጇ ያገኘችውም ሦስት ቀን ሙሉ ኢንጂነሩን ቢሮው በር ላይ ጠብቃ፣ ለምና ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሥራ መልስ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። ፅዮን ከጓሮ፣ ቧንቧው ስር መወልወያ ስታጥብ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ማክሰኞ ያን ወረቀት ስትጽፊ…»

የአሳየሽ ፊት በራ። «አየሽው? ስምንቷን አየሽልኝ? ክብ በክብ ላይ ቁጭ ብላ!»

«አየሁ። ግን ሁሉንም ሰምተሽ ነው?»

«አስራ አንድ አልሽ። ከዚያ ጠፋሽብኝ፤ ሽሽሽ ብቻ ሆነ። ስትመለሺ አስራ አምስት ላይ ነሽ። እኔ ደግሞ መሐል ያለው ይጠፋኛል? አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት፣ አስራ አራት! መምህራችን የዘለለ ይወድቃል ይላል። አንቺን እንዳላስወድቅሽ ሞላሁልሽ።»

ፅዮን ዓይኗን ወደ መወልወያው መለሰች። በቢሮ ወረቀት ላይ እናቷ በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያ ነገር ነበር።

«ምነው? አጠፋሁ እንዴ?»

«አይ… ቆንጆ ጽፈሻል» አለችና ፊቷን አዞረች።

ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ሲደርስ ፍሬዘር እስከ ውጪው በር ተከትሏት ወጣ። «ዝም በይ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእኔን የልምምድ ሰርተፊኬት ተዪው። እናትሽን አስቢ። ‹ትናንት ፊደል የቆጠረች የጽዳት ሠራተኛ ሪፖርት ሞላች› ሲባል ደስ ይልሻል? የኮንትራት ሠራተኛ ናቸው እኮ።»

ፅዮንን ያስፈራት ይሄው ነበር። እናትና ልጅ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ወደ ቤት ሄዱ። ዳሞታ ተራራ በደመና ተሸፍኖ አይታይም። ጭቃውን እየዘለሉ ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ነው ፅዮን ሁሉንም የተናገረችው፤ የሲስተር ሰናይትን ሩጫም፣ የሰኞውንም ነገር።

አሳየሽ መንገዱ ላይ ቆመች።

«አንቺ ስትወለጂ» አለች በኋላ፣ «በቃሬዛ ነው ዱቦ ሆስፒታል ድረስ የወሰዱኝ። ምጡ ጠንቶብኝ ነበር። አጎትሽ ቀድሞ ሮጦ ሐኪሞቹን ቀሰቀሰ። እሱ ባይቀድም…» ጃንጥላውን ወደ ልጇ አዘነበለች። «ከሥራ ያስወጡኝ ይሆን?»

«አላውቅም እማዬ።»

«እፈራለሁ።»

«እኔም።»

ትንሽ እንደሄዱ አሳየሽ እንደገና ቆመች። «ያቺ የምትወልደው ግን የእኔን ስምንት አታይ፣ ዘጠኝ አታይ» አለች። «ነገ ጠዋት አብረን እንግባ።»

ጠዋት ኢንጂነር ሰላምአብ ቢሮ ውስጥ ፅዮን ቆማ ተናገረች። እናቷ ከኋላዋ ሻርፗን እያፍተለተለች ቆማለች። ፍሬዘርም ሳይጠራ ገብቶ በሩ ጋ ተጣብቋል። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ከማህደሩ አወጣና አስራ ሁለትን፣ አስራ ሦስትን፣ አስራ አራትን በጣቱ እየነካ አያቸው።

«የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «በተርታ የሚሄድ ነገር ሰጠኋችሁ። በተርታ የሚሄድን ነገር ሰው ሳይሰማም ይሞላዋል።» ወደ ፍሬዘር ዞረ። «አንተ ግን ስምህን ልትጽፍ ከሆነ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ነበረብህ።»

ፍሬዘር ጫማውን አየ። «ይቅርታ ኢንጂነር።»

«ዛሬ አስር ሰዓት ላይ፣ ጠያቂ ሲገባና ሕንፃው ሲሞላ እንደገና እንሞክራለን። በየቁጥሩ ላይ ማንም ሊገምተው የማይችል ቃል ጨምሩበት።»

ፅዮን ቃሎቹን ለብቻዋ ሆና ጻፈች፤ ቦዬ፣ ጎደሬ፣ በቆሎ፣ ቦሎቄ… ገበያ ላይ የምታውቃቸውን የሥራሥርና የእህል ስሞች ሁሉ፣ ያለ ቅደም ተከተል። አስር ሰዓት ሲሆን ኮሪደሩ ምሳ ዕቃ በያዙ ጠያቂዎች ተጨናነቀ። ፍሬዘር ስልኩን ለመውሰድ እጁን ዘረጋ።

«እናቴ ትስማ» አለች ፅዮን።

«ሃያ ቃል እኮ ነው» አላት በጆሮዋ። «ሼም አታስይዢያቸው።»

አሳየሽ ሰምታዋለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ብዕሩን አነሳች። «አንተ አጠገቤ ተቀመጥ» አለችው። «አፍህን ግን እንዳትከፍት።»

ፅዮን መራመድ ጀመረች። «አንድ፣ ጎደሬ። ሁለት፣ ካሳቫ…» እናቷ ፊደሎቹን የምትስልበት ጊዜ እንድታገኝ ቀስ ብላ ትራመዳለች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ውስጥ ሽሽሽታው ጀመረ። ታች እናቷ ብዕሯን አንስታ እየጠበቀች እንደሆነ ታውቃለች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቃሉን ብትደግመው ይሰማ ነበር። ማን ያያታል?

«አስራ ሁለት፣ ዝንጅብል» አለች፣ አንዴ ብቻ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ። ደረጃውንም መውጣቷን ቀጠለች።

ስትመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፊደሎቹ ይንገዳገዳሉ፤ «ቦሎቄ» አንድ እግር ጎድሏታል። ከአስራ ሁለት እስከ አስራ አራት ያሉት ሦስት መስመሮች ግን ነጭ ናቸው። በእያንዳንዳቸው መጀመሪያ ላይ ብዕር ያረፈባት ጥቁር ነጥብ ብቻ አለች።

«እዚህ ጋ» አለች አሳየሽ፣ ጣቷን ባዶው ላይ አድርጋ ኢንጂነሩን ቀና ብላ እያየችው። «እዚህ ጋ ምንም አልሰማሁም።»

«ስልኩ የታችኛውን ሳጥን አልለቅም እያለ ነው፤ የላይኛው ደግሞ አይደርስለትም» አለ ኢንጂነሩ። «መታጠፊያው ላይ አንድ ሳጥን መጨመር አለብኝ። እስክጨርስና እንደገና እስክንሞክረው ድረስ ባለ ሽቦዎቹ አይነሱም።» መሰላል ሊያመጣ ወጣ። ፍሬዘርም «አግዝዎታለሁ» ብሎ ተከተለው።

ፅዮን ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከታች «የሰማው ሰው ስም» ይላል፤ ገና አልተሞላም። ብዕሩን አነሳች፣ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ወረቀቱን መልሳ እናቷ ፊት አደረገችው።

አሳየሽ ብዕሩን ተቀበለች። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ፣ ከ«አ» ጀመረች።