የሃምሳ አለቃ ሰይፉ ክንፍ

ጳጉሜን 1999 ዓ.ም. ሊያልቅ የቀሩት ጥቂት ቀናት ነበሩ። ከጣርማ በር የወረደው ደመና ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ይበተናል፤ የይፋት ቆላ እንደ ልማዱ ይግላል፤ የቀወት ወረዳ ማሽላ ከሰው ቁመት አልፎ እስከ ሮቢ ወንዝ ድረስ ይወዛወዛል። አገር በሞላ አዲሱን ሚሊኒየም ለመቀበል ሽር ጉድ ይላል፤ አጥሩ ሁሉ ቀለም ተቀብቷል፤ ሊቀባ የማይገባውም ጭምር።

ከከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ አንድ አውሮፕላን ቆሞ ነበር። የሠራው ሃምሳ አለቃ ሰይፉ ወልደ ሰማያት ይባላል፤ በቀድሞው አየር ኃይል የጥገና ባለሙያ ሆኖ ያገለገለ፣ ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን አንድ ሻንጣ መፍቻ ይዞ ወደ ትውልድ ቀየው የተመለሰ፣ ከዚያም ወዲህ የሽንኩርት ማሳ የውኃ ፓምፕ እየጠገነ የሚያድር ሰው ነው። ዕድሜውን ሌሎች የሚበሩበትን ሲያድስ ኖሮ እሱ ራሱ አንድም ቀን ከምድር ተነሥቶ አያውቅም፤ ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር። ሞተሩን ከአሮጌ የቤት መኪና ፈታ፤ የክንፉን አጥንት ከጥድ ጠረበ፤ ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ ወይዘሮ ወርቅነሽ ክንፉን አቡጀዲድ አልብሳ በእጇ ሰፋችው፤ ቫርኒሽ ጠጥቶ ሲደርቅም እንደ ከበሮ ተወጠረ።

ጳጉሜን 5 ቀን፣ በቀትር፣ ሰይፉ አውሮፕላኑን በግጦሹ ሜዳ ላይ ሲያስሮጥ ሞተሩ አስሎ ጠፋ። ቤንዚኑ የሚጠራቀምበት ሰልባትዮ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ቤንዚኑ በፓምፕ ተስቦ፣ የሞተሩን ጭስ በሚያስወጣው በጋለው ማርሚታ አጠገብ አልፎ ሽቅብ ይወጣል፤ በዚያ ሙቀት ግን ሞተሩ ዘንድ ሳይደርስ በቧንቧው ውስጥ ተንኖ ይቀራል። ይህን የቆላ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ የጣርማ በር ዳገት ላይ መኪናው ሲታነቅበት ወርዶ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያደርጋል። ሰይፉም ጨርቅ ነክሮ ጣል አደረገ፤ ሞተሩ ተነሣ።

የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኢዮብ ይህን አይተው በደስታ ቀረቡ።

«እንግዲህ ሃምሳ አለቃ፣ ከነገ ወዲያ በስድስት ሰዓት በሕዝቡ አናት ላይ ያልፋሉ። እንግዶች ተጠርተዋል፤ ስምዎም በፕሮግራሙ ላይ ታትሟል። እንዳያሳፍሩን!»

«አላሳፍርዎትም፣ ጌታዬ» አለ ሰይፉ።

ሰውየው ራቅ ሲሉ ወርቅነሽ ወደ ባሏ ዞረች።

«ጨርቁ ሲደርቅ ማን ወርዶ ያርስልሃል?»

«አንቺ ደግሞ! ዞር ብዬ ልመለስ ነው እኮ።»

«መኪና ሲጠፋ ዳር ይይዛል። አንተ የቱ ዳር ላይ ልትቆም ነው?»

«ስሜ ታትሟል፣ ወርቄ። አሁን እንቢ ብል በምን ዓይኔ ሰው ፊት እቆማለሁ?»

እውነቷን እንደሆነ ያውቃል፤ ያናደደውም ይኸው ነው። በማግስቱ፣ ጳጉሜን 6 ቀን፣ ቤንዚን ገዝቶ ሲመለስ ወርቅነሽን ከክንፉ ሥር ተቀምጣ አገኛት፤ የሰፋችውን ሁሉ ከግንዱ እስከ ጫፉ በመቀስ ተርትራው፣ አቡጀዲዱ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

«ምን አደረግሽኝ!» ብሎ ጮኸ።

«በዓሉ ያላንተ ይከበራል» አለች። «ቤቴ ግን ያላንተ ቤት አይሆንም። ከፈለግህ ምታኝ።»

አልመታትም፤ ከጎኗ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ተከበረ፤ ከበሮው ተመታ፤ ሰማዩ ግን ባዶ ነበር። አቶ ኢዮብ ሰላምታ ነፈጉት፤ ጎረምሶችም «የጨርቁ ጄኔራል» የሚል ማዕረግ ሸለሙት። ሰይፉ ማዕረጉን ተቀብሎ ወደ አጥሩ ገባ። ክንፉ አንዴ ተከፍቷልና፣ ቀድሞ ሊነካው ያልደፈረውን ሥራ ጀመረ፤ ሰልባትዮውን ከመቀመጫው ሥር ነቅሎ፣ በምትኩ ከቆርቆሮ ሁለት ጠፍጣፋ ሰልባትዮዎች በይዶ በግራና በቀኝ ክንፍ ውስጥ ከግንዱ አጠገብ ቀበራቸው፤ ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ቁልቁል እንዲፈስ፣ ቧንቧውም ማርሚታውን ሸሽቶ እንዲያልፍ አደረገ። የጋለ አየር ክብደት አይሸከምምና ሁለቱንም ክንፎች በየአንዳንድ ክንድ አስረዘማቸው፤ የውስጡንም አጥንት ደገፈ። ሞተሩ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ ሲያጓራ ዋለ፤ አንዴም አላሳለም። ያን ጊዜ ወርቅነሽ መርፌዋን አነሣች፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዳይከተል እያንዳንዱን ስፌት ለብቻው ቋጠረችው።

በኅዳር፣ ማሽላው በደረሰበት ማለዳ፣ አውሮፕላኑ ሜዳውን ሮጠ፤ ጎማው አንዴ ነጠረ፤ ከዚያም አልተመለሰም። በማሳው ላይ የሰፈረው ግሪሳ ወፍ አንድ ላይ ተነሥቶ ሰማዩን አለበሰው፤ የአፋሩ በረሃ ፀሐይ በዚያ ሁሉ ክንፍ መካከል ወጣች፤ በወፎቹም በላይ፣ በአቡጀዲድ ተሸፍኖ፣ አንድ የይፋት ልጅ አለፈ። ሮቢ እንደ ክር ቀጥኖ ታየው፤ ፓምፕ ሲጠግንበት፣ ሲጣላበት፣ ሲቀብርበት የኖረው አገር ይህን ያህል ውብ መሆኑን እስከዚያች ቅጽበት አያውቅም ነበርና እየሳቀ እንባው ወረደ። ወርቅነሽ ከታች ድምፁን ታዳምጥ ነበር፤ ሞተሩ ሳይታነቅ ዞሮ በደህና ሲያርፍ ሮጣ ሄዳ ስፌቷን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰችው።

ገበሬው ግን አላየም። ግሪሳ ሲበዛ መንግሥት መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ይልካል፤ ስለዚህም ድምፁ እንደተሰማ ውኃ ተከደነ፣ ከብት ተነዳ፣ የንብ ቀፎ ተዘጋ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ አፍንጫውን ያዘ። ከማሽላ መጠበቂያው ማማ ላይ ወንጭፉን እንደያዘ ፈዞ የቀረው ኢብሮ የሚባል ገበሬ ብቻ ነበር፤ አውሮፕላኑ በአናቱ ላይ ሲያልፍ የክንፉን ሆድ አየ።

«ያረቢ!» አለ። «ይህስ በእጅ የተሰፋ ነው!»

የዚያ ዓመት ታሪክ ሲነገር ከበሮውና ርችቱ አይረሳም። የቀወት ሰዎችም ስለ ሰማያቸው ሲጠየቁ፣ በሚሊኒየሙ ዓመት የመድኃኒት አውሮፕላን መጥቶ እንደነበር፣ መድኃኒቱ ግን ደካማ ስለነበር ግሪሳው እንዳልሞተ ይናገራሉ። ኢብሮ ስፌት ነበረው እያለ ይከራከራል፤ እነሱም ቤትህ ግባ ስንልህ እንቢ ብለህ መድኃኒቱ ነክቶህ ነው ይሉታል።